አሳማው የእናቴን በቆሎ ጨረሰ፤ ወጥመድ የሞከረ ሰው አለ?

ሰላም ለሁላችሁ።

የእናቴ መሬት ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወረድ ቦርከና ዳር ነው። ሦስት ጥማድ ያህል ቢሆን ነው፤ ግማሹ በቆሎ፣ ግማሹ ማሽላ። ዘንድሮ በቆሎው እሸት ሲይዝ አሳማ ለመደው። ከበላው ይልቅ ያበላሸው ነው የሚያንገበግበው። አገዳውን በደረቱ ገፍቶ ያጋድማል፣ እሸቱን አንዴ ነክሶ ይጥላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠዋት ሲታይ በሬ ሲንከባለልበት ያደረ ይመስላል። ሰኔ ላይም የተዘራውን ፍሬ በመስመሩ እየቆፈረ ለቅሞት ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የተዘራው።

አባቴ በሕይወት ሳለ ማማው ላይ የምናድረው እኔና ወንድሞቼ ነበርን። አሁን እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አንዱ ጅዳ፣ ትንሹ ደሴ ባጃጅ ይነዳል። እናቴ ስድሳ ዓመት አልፏት ጣሳ እየቀጠቀጠች ታነጋለች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አሳማ በወጥመድ ይዞ የሚያውቅ አለ? በምን ዓይነት? ምን ያህልስ ያስወጣል?

(ይህን የጻፍኩት መስከረም ላይ ነው፤ አሁን ጥር ገብቷል። መልሱ በዛ፣ መሀል ላይም ስድብ ገብቶበት የተሰረዘ አለ። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲቆፍር እንዳይውል ብዬ የተባለውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር እዚሁ ሥር አስፍሬዋለሁ። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ይቅር በሉኝ።)

መልስ 1፦ የሐይቅ ሰው ነው። እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ የእናቴን ጤና፣ ቀጥሎ የከብቱን፣ ቀጥሎ የዝናቡን ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። የመጣው ከርከሮ ነው ወይስ አሳማ? በቀን ነው በሌሊት? ይህ ሳይለይ ስለ ወጥመድ ማውራት ዋጋ የለውም አለ።

መልስ 2፦ ይሄኛው ትዕግሥት የለውም። ማሳ ውስጥ የገባ ሁሉ ያው ሌባ ነው፣ ስሙን ጠይቀን መታወቂያ ልናወጣለት ነው ወይ አለ። ብዙ ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ።

መልስ 3፦ የጎፍ ደን አካባቢ በጥበቃ የሠራ ሰው ነው። ሁለተኛውን በጨዋ ቋንቋ አረመው። ከርከሮ የቀን አውሬ ነው፤ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ያድራል፣ ሲገባም በቂጡ ነው፣ ጥርሱን ወደ ደጅ አድርጎ። ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፣ ሲሮጥ ጭራውን እንደ ዘንግ ያቆማል። ኑሮው ሜዳና ቁጥቋጦ ነው፤ አብዛኛው ምግቡም ሣር ነው። በሌሊት መጥቶ በቆሎ የሚያጋድመው አሳማ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከጀርባው ጋማ የሚመስል ረጅም ጠጉር አለው፣ ጥርሱ እንደ ከርከሮ ወደ ውጭ አይጠመዘዝም፣ ቀኑን ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ከርከሮን ከጉድጓዱ አፍ መጠበቅ ይቻል ይሆናል። አሳማ ግን ጉድጓድ ስለሌለው መጠናት ያለበት መንገዱ ነው፤ ከጥሻው ወጥቶ በየት በኩል አጥር እንደሚያልፍ፣ በየት እንደሚመለስ።

መልስ 4፦ የእኔ ነው። እናቴን ደውዬ ጠይቄ የሚመጣው በሌሊት መሆኑን፣ ጋማ እንዳለው፣ ጎረቤት በጨረቃ ሰባት እንደቆጠረ ጻፍኩ። የሚወጡት ወንዙ ዳር ካለው የወፍ ቆሎ ጥሻ ነው።

መልስ 5፦ የአምባሰል ልጅ፣ በአያቱ በጣም የሚኮራ። አያቱ ሰው የሚያቆም ጉድጓድ ከአጥሩ ቀዳዳ በስተውስጥ ይቆፍሩ ነበር፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ፣ አውሬው ወድቆ እግሩን ዘርግቶ እንዳይዘል። አፉን በጭራሮ ያለብሱና ከላዩ አፈርና ቅጠል ይበትኑበታል። የተቆፈረውን አፈር ከዚያ ዞር ያደርጉታል፤ አዲስ አፈር የሸተተው አሳማ አይጠጋምና። አንድ ክረምት አምስት ያዙ አለ።

መልስ 6፦ የዚያው የአምባሰል ሰው መሆኑን ገልጾ፣ አምስተኛው ታሪኩን ከግማሹ ነው የቆረጠው አለ። በእነሱ ቀበሌም እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነበር፤ አንድ ማለዳ ከጉድጓዱ የተገኘው የጎረቤት የእርሻ በሬ ነው፣ ያውም አንገቱ ተሰብሮ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሦስት ቅዳሜ ተጎተተ። በመጨረሻ ጉድጓድ ቆፋሪው የበሬውን ዋጋ ከፈለ፣ ሽማግሌዎቹም ከዚያ ወዲያ ጠዋት የማይከደን፣ ምልክት የማይቆምበት ጉድጓድ በሰፈሩ እንዳይቆፈር ወሰኑ። ልጅስ ቢገባበት ኖሮ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 7፦ አምስተኛው ተመልሶ፣ በሬውን በሌሊት የለቀቀው ባለቤቱ ነው ጥፋተኛው አለ። ስድስተኛው መልስ አልሰጠውም። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ጉድጓድ የሚለውን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ የእናቴ ጎረቤቶች ከብት ሲያመልጥ ወደ ወንዙ ነው የሚወርደው።

መልስ 8 ምንም አይልም፣ እጅ የማጨብጨብ ምልክት ብቻ ነው።

መልስ 9፦ ከወረባቦ። አሽክላ ይበቃል ይላል። ያረጀ የፍሬን ሽቦ ቋጥሮ አሳማው ከሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ማንጠልጠል፣ ጫፉን ከግንድ ማሰር። ወጪው ከሻይ ዋጋ አይበልጥም ብሎ ጨረሰ።

መልስ 10፦ እዚህ ላይ ነው ድምፁ መጥበቅ የጀመረው። የእንስሳት ሕክምና የተማረ ይመስላል። ሽቦው አሳማን ከድኩላ፣ ድኩላን ከጎረቤት ውሻ አይለይም አለ። በሦስት እግሩ የሚያነክስ ጅብ አይታችሁ ከሆነ የማን ሥራ እንደሆነ እወቁ። ደግሞም እግሩ ብቻ የተያዘ አሳማ በሕይወት ይጠብቃል፤ ጠዋት በዱላ ሊጨርሰው የሄደ ሰው ጭኑ ተተልትሎ ሲመጣ በዓይኑ አይቷል። ዘጠነኛውን ሰነፍ አለው። ዘጠነኛውም የመለሰለት አልዘገየም፤ የተሰረዘው የመጀመሪያ መልስ እሱ ነው።

መልስ 11፦ እንደ እኔ ከሆነ የውይይቱን ክር ያዳነው ይሄ ነው። የመርሳ ልጅ ነው፤ ቴክሳስ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው፣ ከብት ርቢ ላይ ይሠራል። እዚያ ያለው አሳማ የአገሩ አውሬ አይደለም አለ። ስፔናዊው ኤርናንዶ ደ ሶቶ በ1539 ፍሎሪዳ ሲወርድ አሳማ ነድቶ ነበር፤ እሱና መሰሎቹ ካመጡት ያመለጠው ዱር ገብቶ ተዋለደ፣ በኋላም ለአደን ተብሎ ከአውሮፓ የመጣ የዱር አሳማ ተደባለቀበት። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይገመታል። እርግዝናው አራት ወር አይሞላም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፣ በአንድ ጊዜም አምስት ስድስት። መንግሥታቸው በ2011 ከሄሊኮፕተር ላይ መተኮስን ሳይቀር ፈቀደ፤ አሳማው ግን አላለቀም።

ዋናው ነገሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ተኩስ መንጋውን ይበትነዋል እንጂ አይጨርሰውም። የሚዙሪ ግዛት የዱር ሀብት መሥሪያ ቤት በ2016 በራሱ መሬት ላይ አሳማ ማደንን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዳኝ አንዱን ሲጥል የቀሩት በየአቅጣጫው ይሄዱና ሌላ ቦታ ይራባሉ። አንድ ሁለት የምትይዝ ትንሽ ሳጥን ወጥመድም ያው ናት። ውጭ ሆነው ያዩት ተምረው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወዲያ በር ያለው ነገር አይጠጉም። ስለዚህ ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም። የሚሠሩት ክብ በረት ነው። ክብ የሚሆነው ማዕዘን ካለው አሳማዎቹ እዚያ ተጨናንቀው፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ወጥቶ ስለሚዘል ነው። ቁመቱ ሜትር ተኩል፣ ሥሩ መሬት ውስጥ የገባ፣ ምክንያቱም በአፍንጫው ከሥር ማንሳት ልማዱ ነው። በሩ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለሦስት ሳምንት ክፍት ይተዋል፤ ምግብ መጀመሪያ ደጅ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ መሀል። ግልገሎቹ በመጀመሪያው ሌሊት ይገባሉ። አሮጊቷ እናት ናት መጨረሻ የምትገባው። እሷ ሳትገባ በሩን የዘጋ ሰው የዓመት ሥራ ገዛ ማለት ነው።

አንድ ነገር ጨመረ። ማሳው ላይ እሸት ቆሞ ሳለ የሚበላውን ያጣ አሳማ የለም፣ ማባበያህን አያይም። ጊዜው ሰብል ከተነሳ በኋላ ነው፣ ሲርበው። ይህን ሳነብ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ የዘንድሮውን ማሽላ አያድንማ።

መልስ 12፦ ሁለተኛው ሰውዬ ነው። የአሜሪካ አሳማ እዚህ ምን አገባው፣ እነሱ ብረት አላቸው፣ ካሜራ አላቸው፣ በስልክ በር ይዘጋሉ አለ። ደግሞ ሦስተኛው ራሱ ዘሩ ሌላ ነው ብሎ የለ?

መልስ 13፦ ሦስተኛው መለሰለት። ዘሩ በእርግጥ ሌላ ነው፤ የእኛው የአገሩ የራሱ አውሬ ነው፣ እንደ ፈረንጁ በዓመት ሁለት ጊዜ አይወልድም፣ የሚወልደውም ሦስት አራት ነው። ይሄ ግን ለእኛ የሚጠቅም ልዩነት ነው፤ አንድ መንጋ ከተያዘ ቦታው ቶሎ አይሞላም። አካሄዱ ግን አይለይም፣ በመንጋ ይሄዳል፣ የሸተተውን ይከተላል፣ አዲስ ነገር ይጠረጥራል። አሥራ አንደኛውም በዚህ ተስማማ።

መልስ 14፦ ከሐርቡ፣ አናጢ። ብረት አያስፈልግም አለና ስሌቱን አወጣው። ውፍረቱ ክንድ የሚያህል የባሕር ዛፍ አጣና፣ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ገብቶ፣ እርስ በርስ ተጠጋግቶ በሽቦ የተጠፈረ። በሩ ከላይ ወደ ታች በሁለት ቋሚ መሀል የሚወርድ ሳንቃ፣ ገመዱ እስከ ማማው የተዘረጋ። ካሜራው ማማው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው ሲል ጻፈ። ይህችን አባባሉን ወድጄዋለሁ። አጣናው ካለ ሥራው የአንድ ቀን ወንፈል ነው፣ እሱም ይመጣል።

መልስ 15፣ 16 እና 17 ስለ ማባበያ ናቸው። አንዱ የጠላ አተላ የመሰለ የለም፣ ሽታው ሦስት ተራራ ይሻገራል አለ። ሌላው ያ ሰፈር ቀሪቦ እንጂ ጠላ አይጠምቅም፣ አተላ ከየት ይምጣ፣ ለአሳማ ተብሎ ጌሾ ሊወቀጥ ነው ወይ ብሎ ቀለደ። አሥራ አንደኛው ነገሩን ቀለል አደረገው። የነቀዘ በቆሎ ጀሪካን ውስጥ በውኃ ዘፍዝፎ አራት አምስት ቀን ፀሐይ ላይ መተው፤ ሲኮመጥጥ ከብትና ወፍ ይሸሸዋል፣ አሳማ ይፈልገዋል።

መልስ 18፦ መርዝ። የተባይ መድኃኒት በበቆሎ ለውሶ ማስቀመጥ፣ በአንድ ሌሊት ግልግል። ከዚህ በላይ አላብራራም፣ እኔም አላብራራም።

መልስ 19 እና 20፦ አሥረኛው በጣም ተቆጣ፤ ከእሱ የባሰው ግን ሃያኛው ነው፣ ከባቲ መንገድ የሚጽፍ ገበሬ። እሱ ሰፈር ይህ ተሞክሮ መጀመሪያ የሞተው የራሱ ውሻ ነው። ቀጥሎ ሬሳውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች በየዛፉ ሥር ተዘርግተው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ የሞተ ከብት ሳምንት ሲሸት ይከርማል፣ የሚያነሳው ስለሌለ። አሳማው? አሳማው ተፍቶት ሄደ። አሥራ ስምንተኛው ግን ከአቋሙ አልተመለሰም፤ እናንተ ከተማ ተቀምጣችሁ ለጥንብ አንሳ ታለቅሳላችሁ አለ፣ ቀጥሎም እኔን ራሴን ነካ፦ እናቱን ማማ ላይ ጥሎ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ምክር ሊጠይቅ አያፍርም ብሎ። ሰዎች ይሰረዝ አሉ። እኔ ይቆይ አልኩ። የሚያምበት ቦታ ላይ ነው የነካኝ፣ መልስም አልነበረኝም።

መልስ 21፦ ሕግ አዋቂ ነው። የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፣ ወጥመድም ያው አደን ነው፤ አሳማ ስለተጠላ ከሕጉ አይወጣም አለ።

መልስ 22፦ አሳማውን አዋጅ ጠበቀው፣ ሴትዮዋንስ ማን ይጠብቃት? አጭርና መራራ።

መልስ 23፦ ነገር የሚያበርድ ሰው ነው፣ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሠርቷል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል አለ። መንገዱ ብቻውን የሚጽፍ አንድ ገበሬ ሳይሆን ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ነው። ቅሬው የተጎዱትን ማሳዎች በስም ዘርዝሮ፣ በቀበሌው በኩል ወደ ወረዳ ያመልክት፤ ባለሙያ መጥቶ ሳያይ ምንም እንዳትነኩ። በመሀሉ የወፍ ቆሎውን መመንጠር ክልክል አይደለም፤ መጤ አረም ነው፣ የሚያደርገው የለም አሳማ ከመሸሸግ በቀር።

መልስ 24፦ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ተራራው ራቁቱን ነበር፣ አሳማም የት ይደበቃል። ተራራው ተከለለ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ጥሻው ተመለሰ፣ አውሬውም አብሮ ተመለሰ አሉ። ዛፉን አይጠሉም። ዛፉ ሲመጣ ማን አብሮት እንደሚመጣ ግን ያኔ የነገራቸው የለም።

መልስ 25፦ ከደሴ፣ በአክብሮት ተቃወማቸው። ጥሻ ድሮም በየወንዙ ነበር፤ የጠፋው ነብሩ ነው። ግልገል አሳማ የሚቀንሰው እሱ ነበር፣ ፍየል በላ ተብሎ አለቀ።

መልስ 26 እስከ 28 ከመንገድ የወጡ ናቸው። አንዱ የተያዘውን በሕይወት የሚገዛ የአሳማ ርቢ አውቃለሁ፣ ስልክ ላኩልኝ አለ። አሥረኛው አስቆመው። የዱር አሳማና ከርከሮ የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝን ሳይታመሙ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ሰውን አይነካም፣ ለማዳ አሳማ ግን ይጨርሳል፣ ክትባትም በአገሩ የለውም። አንድ ሰው ደግሞ ሥጋውስ ብሎ ጀመረ። ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ድምፅ ተነሳበት፤ በዚህ ክር ውስጥ ሁሉም የተስማማበት ብቸኛ ጉዳይ ይሄ ነው።

መልስ 29፦ ስለ ማማ ትዝታ። ወንጭፉ፣ በሌሊት ከማማ ማማ የሚወረወረው ግጥም፣ በፍም የተጠበሰው እሸት። ከሥሩ ብዙ ሰው ልቡ ተነክቶ ጻፈ፤ ወንጭፍ ከምን ይገመዳል በሚል ብቻ ስድስት መልስ ሄደ፣ አላስገባሁትም።

መልስ 30፦ ቤይሩት ያለች የቃሉ ወረዳ ልጅ። ወንዶቹ ማማው ባዶ ቀረ እያላችሁ ታለቅሳላችሁ አለች፤ እሷ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የጠበቀችው ማማ ላይ አንድም ወንድ አልነበረም፣ ወንዶቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ጦጣውን በቀን እሷ፣ አሳማውን በሌሊት እናቷ። ከዚያ የሚሠራ ነገር ነገረችን። የበርበሬ ፍሬና ገለባ በደረቀ ፋንድያ ለውሶ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ጫፍ ማጨስ። አሳማ በአፍንጫው ነው የሚኖረው። አንድ ማታ ይመልሰዋል፣ ሁለት ማታ ይመልሰዋል፤ በሦስተኛው ቦታውን ካልቀየርሽ ይለምደዋል። እናቴ ይህን ሞክራ ከማሽላው ከግማሽ በላዩን አትርፋለች። ትንሹ ወንድሜም ከደሴ እየመጣ ቅዳሜና እሑድ ማማው ላይ አድሯል፤ ያሳፈረው አሥራ ስምንተኛው ይሁን ሠላሳኛዋ አላውቅም።

መልስ 31፦ አናጢው። ምን ደረሳችሁ ብሎ ጠየቀ፤ አጣናውን ያቆመው ራሱ ሆኖ ሳለ ሌሎቹ እንዲሰሙ ብሎ ነው።

የደረስንበት ይሄ ነው። ቅሬው አመለከተ፣ አንዴ ተመላልሶ በሁለተኛው ባለሙያ መጣ፣ ኮቴውንና ማሳውን አየ፣ በሩ ሲዘጋ እሱ በተገኘበት እንዲሆን አስጠንቅቆ ሄደ። ማሽላው ታኅሣሥ ላይ ተነሳ። በረቱ በአንድ ቀን ቆመ፣ በሩ ከተከፈተ ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ሌሊቱ ነው። እናቴ ማታ ማታ በሩ ላይ አመድ ትነሰንሳለች፣ ጠዋት ኮቴ ትቆጥራለች። በአራተኛው ቀን ሦስት ሲገቡ የሰፈሩ ጎረምሶች ገመዱን እንሳብ ብለው ነበር። እሷ ናት የከለከለቻቸው፤ ማማው ላይ ወጥታ ገመዱን ከእጃቸው ተቀበለች።

ትናንት ማታ ደውዬ ስንት ደረሱ አልኳት። ስድስት አለችኝ። ኮቴ ሰፊዋ በሩ ድረስ መጥታ፣ አመዱን በአፍንጫዋ በትና ተመልሳለች።